ወርቁ ያለቀ ዕለት ከተማውን ምን ይውጠዋል?

መርካቶ ውስጥ ወርቅ አይቆፈርም። ወርቅ የሚቆፈርባቸው ከተሞች የሚለብሱት ልብስ፣ ቤታቸውን የሚከድኑበት ቆርቆሮ፣ ጉድጓድ የሚምሱበት ዶማና አካፋ ግን አብዛኛው በመርካቶ በኩል ያልፋል። ከምናለሽ ተራ ብረታ ብረት፣ ከሸማ ተራ ጨርቅ፣ ከሌላው ተራ ጀሪካን፣ ሸራ፣ የውኃ ፓምፕና የእጅ ባትሪ እየተጫነ ወደ ሻኪሶ፣ ወደ ክብረ መንግሥት፣ ወደ አሶሳና ወደ ወገል ጤና ይሄዳል። ከዚያ የሚመለሰው ገንዘብ ነው። አንዳንዱ በጥሬው ይመጣል፤ ሌላው «ወርቁ ሲሸጥ» ተብሎ በዱቤ ደብተር ላይ ይቆያል።

እንግዲህ የማዕድን ከተማ ነገር ለመርካቶ ጅምላ ሻጭ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እዚያ ማዕድኑ ሲቆም እዚህ ዱቤው ይቆማል። ደላላው ያገናኘው ውል ይፈርሳል፤ «ከተማዋ እያደገች ነው» ተብሎ የተሠራው ሆቴልም ባዶ አልጋ ይቆጥራል። ለመሆኑ የማዕድን ከተማ በምን ይኖራል? በምንስ ይሞታል? የአካባቢውን ሕዝብ ማማከርና የረጅም ጊዜ ዕቅድ ማውጣት የሚባለውስ ነገር ከነጋዴው ኪስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የማዕድን ከተማ ጠባይ

ቡናና ሰሊጥ በየዓመቱ ይበቅላሉ። ዝናብ ያሳጣው ገበሬ ለከርሞ ተስፋ አለው። ወርቅ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ ወጣ ነው፤ ተመልሶ አይበቅልም። በዚህ ምክንያት የማዕድን ከተማ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ዕድሜው የተቆጠረ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ያንን ዕድሜ በምን እንደተጠቀመበት ነው።

አንድ ትልቅ የማዕድን ሥራ በአራት ደረጃዎች ያልፋል። መጀመሪያ ፍለጋ ነው፤ ጥቂት ባለሙያዎችና የመቆፈሪያ መሣሪያ ይመጣሉ። ቀጥሎ ግንባታ ይመጣል፤ መንገድ ይጠረጋል፣ ፋብሪካ ይተከላል፣ በብዙ መቶ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል። ሦስተኛው ምርት ሲሆን አራተኛው መዘጋት ነው። ነጋዴውን የሚያታልለው ሁለተኛው ደረጃ ነው። በግንባታው ወቅት የቤት ኪራይ ይንራል፣ ምግብ ቤቱ ይሞላል፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ፍላጎት ይጨምራል። ግንባታው አልቆ ምርት ሲጀመር የሚፈለገው የሰው ኃይል ቁጥሩ ያነሰና ሙያው የተለየ ይሆናል። የግንባታውን ዓመት ገበያ አይቶ ሱቅ የከፈተ ሰው በሁለተኛው ዓመት ደንበኛው ወዴት እንደገባ ግራ ይገባዋል።

የዚህ ዓይነቱ ከተማ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፋር ውስጥ ዳሎል የፖታሽ ማዕድን ሠፈር ነበረ። በጣሊያኖች ዘመን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደዚያ የሚወስድ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹም አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሰፊ ፍለጋ አካሂዶበታል። ዛሬ ሰው የለበትም። የቀረው በጨው ብሎኬት የተሠራ ግድግዳና የዛገ ብረት ነው። ከማዕድኑ በቀር ሌላ መተዳደሪያ ያልነበረው ሠፈር ማዕድኑ ሲቀር አብሮ ቀረ።

ከአዶላ እስከ ለገደምቢ

የአገራችን የወርቅ ታሪክ ያለ አዶላ አይነገርም። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንስቶ በደቡብ ጉጂ ምድር ከወንዝ ዳር አሸዋ እየታጠበ የወጣው ወርቅ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ትልቅ ገቢ ነበር። ክብረ መንግሥት የተባለችው ከተማም የቆመችው በዚሁ ወርቅ ላይ ነው። የወንዝ ዳሩ ወርቅ እየሳሳ ሲሄድ ከዓለት ውስጥ የሚወጣው የለገደምቢ ወርቅ ተተካ። ለገደምቢ ከሻኪሶ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ነው።

ማዕድኑ በመንግሥት እጅ ሥራ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሚድሮክ በ172 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በወቅቱ ከታዩት የመንግሥት ድርጅቶች ሽያጭ ውስጥ ትልቁን ስፍራ ከሚይዙት አንዱ ነበር። ኩባንያው ለ20 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ይዞ በዓመት ከ3 ቶን የማያንስ ወርቅ ሲያመርት ቆየ። ለረጅም ጊዜም በአገሪቱ በትልቅ ደረጃ ወርቅ የሚያመርተው ብቸኛው ድርጅት እርሱ ነበር።

የፈቃዱ ዘመን ሲያበቃ የተደረገው ነገር ለነጋዴው ትልቅ ትምህርት አለው። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ በሻኪሶና በአካባቢው ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ነዋሪዎቹ ከማዕድኑ በሚወጣ ኬሚካል ምክንያት ልጆች የአካል ጉዳት ይዘው እንደሚወለዱ፣ ከብቶች እንደሚሞቱና ውኃ እንደተበከለ ተናገሩ። ኩባንያው ይህን አስተባበለ። መንገድ ተዘጋ፣ ሱቆች ተዘጉ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ጉዳዩ በባለሙያ እንዲጠና ተደርጎ ማዕድኑ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ የጤናውና የአካባቢው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2023 ደግመው አንሥተውታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለገደምቢ የቆመው ወርቁ ስላለቀ አልነበረም። ማሽን ተሰብሮ ወይም የዓለም ዋጋ ወድቆም አልነበረም። ከማዕድኑ አጥር ውጭ ያለው ሕዝብ «አልተጠየቅንም፣ አልተጠቀምንም፣ ተጎዳን» በማለቱ ነው። በወረቀት ላይ የታደሰው ፈቃድ በሳምንታት ውስጥ ዋጋ አጣ።

ገበያው ምን አየ?

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ2004 የበጀት ዓመት የኢትዮጵያ የወርቅ ወጪ ንግድ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ2011 የበጀት ዓመት ይህ ገቢ ወደ 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሽቆለቆለ። ለውድቀቱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በኦፊሴላዊው ምንዛሪና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ልዩነት ሰፍቶ የባህላዊ አምራቾች ወርቅ በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። የለገደምቢ መዘጋት ግን በዚያው ላይ ተጨመረ።

መንግሥት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ወርቁ ወደ ብሔራዊ ባንክ ተመለሰ። በ2017 የበጀት ዓመት ከወርቅ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ከፍተኛውን ድርሻ ያስገቡት ባህላዊ አምራቾች ናቸው።

ይህ ለመርካቶ ምን ማለት ነው? የባህላዊ አምራች ገንዘብ እንደ ትልቅ ኩባንያ ገንዘብ በአዲስ አበባ ባንክ አያድርም። ወዲያው ጫማ፣ ራዲዮ፣ ሞተር ብስክሌት፣ ቆርቆሮና ምግብ ይሆናል። ገበያው ፈጣን የሆነውን ያህል ሥሩ አጭር ነው። ጉድጓዱ የተናደ ወይም ወርቁ የሳሳ ዕለት ሰዉ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ዱቤ የሰጠ ነጋዴ ተበዳሪውን የሚያገኝበት አድራሻ የለም።

በደላንታ ያለው የኦፓል ሥራ ሌላው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ የደቡብ ወሎ ገደል አፍ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች መተዳደሪያ ሆነ። ድንጋዩ ህንድ ድረስ ሄዶ ይሞረዳል። በገደሉ ውስጥ የሚቆፈረው ዋሻ ግን ድጋፍ የለውም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች በተናደ ዋሻ ውስጥ መቀበራቸው ይታወሳል። ሀብቱ በዓለም ገበያ ስሙ ቢጠራም ከተማዋ ውስጥ የድንጋይ መሞረጃ፣ የሙያ ትምህርት ቤትና የመድን ሽፋን በሚገባ ካልተደራጀ ትርፉ ተሻግሮ ሲሄድ አደጋው እዚያው ይቀራል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕዝብን ማማከር የባለሀብቱ ቸርነት ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። በአንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለ፤ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ሰዎችም ተመጣጣኝ ካሣ የማግኘት መብት አላቸው። አንቀጽ 98 ከትልቅ የማዕድን ሥራ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራል መንግሥቱና ክልሎች በጋራ እንዲጥሉና እንዲሰበስቡ ደንግጓል።

ከዚያ ወረድ ሲል የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ የከፍተኛ ደረጃ ባለፈቃድ በፈቃዱ ክልል ላሉ ነዋሪዎች የልማት ዕቅድ ገንዘብ እንዲመድብ፣ የተቆፈረውንም መሬት መልሶ ለማዳን የሚያስፈልገውን ወጪ አስቀድሞ እንዲያስብ ግዴታ ጥሏል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ዕጩ አባል የሆነችበት የማዕድን ዘርፍ ግልጽነት ኢኒሼቲቭም ኩባንያ የከፈለውንና መንግሥት የተቀበለውን አመሳክሮ ለሕዝብ የማውጣት ሥርዓት ነው።

ሕጉ አለ ማለት ነው። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ በወረቀቱና በመንደሩ መካከል ያለው ድልድይ ነው። አንድ የሻኪሶ ነጋዴ «ከተማችን ከዚህ ማዕድን በዓመት ስንት አገኘች? ለምንስ ዋለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን በቀላሉ ካላገኘ ወሬ የመልሱን ቦታ ይይዛል። ወሬ ደግሞ ከሪፖርት ይፈጥናል።

ማማከርና ማሳወቅ

በአዳራሽ ሰው ሰብስቦ «ማዕድኑ ሊጀመር ነው፣ ተባበሩ» ብሎ አበል ከፍሎ መሸኘት ማሳወቅ ነው። ማማከር የሚባለው ተጠያቂው «አይሆንም» ወይም «እንዲህ ከሆነ ይሆናል» ሲል ዕቅዱ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። የግድቡ ቦታ ይቀየራል፤ የመንገዱ መስመር ከመቃብር ወይም ከምንጭ ይርቃል፤ የካሣው ስሌት እንደገና ይሠራል። ምንም ነገር ያልተለወጠበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ምንም ያህል ቢወፍር ምክክር አይባልም።

ማን ይጠየቅ የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በጉጂ ምድር አባ ገዳዎችና የአገር ሽማግሌዎች ያልተቀበሉት ነገር ሥር አይሰድም። ይሁንና ሽማግሌ ብቻ ጠይቆ መመለስም አይበቃም። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፤ ምንጩ ሲበከል መጀመሪያ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በፈቃዱ ክልል ውስጥ ለዘመናት ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩ ባህላዊ አምራቾች አሉ፤ ኩባንያው ሲመጣ የሚባረሩት እነርሱ ናቸው። ለእነርሱ ሌላ ቦታ ካልተከለለላቸው ሌሊት አጥር ጥሰው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግጭት ነው። ተከራዩም፣ ሱቀኛውም፣ የትምህርት ቤቱ መምህርም አለ።

በምዕራብ ወለጋ የቱሉ ካፒ የወርቅ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ ሳለ በገንዘብና በጸጥታ ችግር ለዓመታት መጓተቱ ለብዙዎች ይታወቃል። እዚያ በመቶ የሚቆጠሩ አባወራዎች ከቦታቸው መነሣት ነበረባቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ገበሬው «ትነሣለህ» ከተባለበት ቀን እስከሚነሣበት ቀን ያለው ዘመን ትልቁ ጉዳት ነው። ቡና አይተክል፣ ቤት አይጠግን፣ ብድር አያገኝ። ዕቅድ ማለት ይህንንም ዘመን መቁጠር ነው።

ከሰው አገር

በፓፑዋ ኒው ጊኒ የምትገኘው የቡገንቪል ደሴት በዓለም ከታወቁ የመዳብ ማዕድኖች አንዱ፣ ፓንጉና፣ ነበራት። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አምርቷል። የመሬቱ ባለቤቶች ወንዛችን ተበከለ፣ ድርሻችን አነሰ ብለው ለዓመታት ሲያመለክቱ ሰሚ አላገኙም። በ1989 ማዕድኑ በአመፅ ተዘጋ፤ አሥር ዓመት ገደማ የፈጀ ጦርነትም ተከተለ። መዳቡ ዛሬም መሬት ውስጥ አለ።

ቦትስዋና ደግሞ የተለየ ምሳሌ ናት። ሰለቢ ፒክዌ የተባለችው ከተማ ከመዳብና ከኒኬል ማዕድን ጋር አብራ የተወለደች ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 መንግሥት ማዕድኑ ከሥራቸው ነው ብሎ ሲዘጋው ወደ 5 ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞች ሥራ አጡ። ከተማዋን ወደ ሌላ መተዳደሪያ የሚያሸጋግር መሥሪያ ቤት ከመዘጋቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ተቋቁሞ ነበር፤ ግን ዘግይቷል። ጥሩ ስም ባላት ቦትስዋና እንኳ የከተማዋ ሱቆች በወራት ውስጥ ደንበኛ አጡ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ለመዘጋት የሚታቀደው ማዕድኑ ገና ትርፋማ ሳለ ነው። ሲዘጋ የሚታቀድ ዕቅድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ነው።

ጥሩ ዕቅድ ምን ይይዛል?

ባለሙያዎች የማዕድን ከተማን ዕቅድ ሲመረምሩ አምስት ነገሮችን ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ማዕድኑ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚገልጽ፣ ለነዋሪውም በሚገባው ቋንቋ የተነገረ ግምት። ሁለተኛ፣ ከማዕድኑ በኋላ የሚኖር መሠረተ ልማት፤ ለፋብሪካው የተዘረጋው መብራትና ውኃ ለከተማውም እንዲደርስ የሚያደርግ። ሦስተኛ፣ ከማዕድኑ ውጭ የሆነ መተዳደሪያ። የጉጂ አገር ቡናና ከብት አላት፤ ሻኪሶ በቡናዋም ስሟ ይጠራል። ወርቅ ያመጣው መንገድ ቡናውን እንዲያወጣ ማድረግ የዕቅድ ጉዳይ ነው። አራተኛ፣ ለአካባቢው ሰው የሚሰጥ ሙያ፤ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ የከባድ መኪና ጥገና። እነዚህ ሙያዎች ማዕድኑ ሲዘጋ ሌላ ከተማ ይዘዋቸው የሚሄዱ ናቸው። አምስተኛ፣ ለመዝጊያውና መሬቱን ለማዳን ገና ከጅምሩ የተቀመጠ ገንዘብ።

ነጋዴው ምን ይጠይቅ?

የመርካቶ ነጋዴ ወደ ማዕድን ከተማ ዕቃ ከመላኩ ወይም ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አስቸጋሪ አይደሉም። የማዕድኑ ፈቃድ የሚያበቃው መቼ ነው? አሁን ያለው የግንባታ ዘመን ነው ወይስ የምርት? የወረዳው ሽማግሌዎች ስለ ኩባንያው ምን ይላሉ? ባህላዊ አምራቾች የተከለለ ቦታ አላቸው? ከተማዋ ከማዕድኑ ሌላ በምን ትኖራለች?

ለግምት ያህል አንድ ነጋዴ 500 ሺህ ብር የፈጀበትን ዕቃ በ550 ሺህ ብር በዱቤ ላከ እንበል። ትርፉ 50 ሺህ ነው። ከተማዋ በተቃውሞ ተዘግታ ገንዘቡ ቢቀር፣ የቀረውን ዋና ገንዘብ ለመተካት እንደዚያው ያለ ጭነት 10 ጊዜ ልኮ 10 ጊዜም መሰብሰብ አለበት። ሆቴል የሚሠራው ደግሞ የባሰበት ነው። ወጪውን በ10 ዓመት የሚመልስ ሕንፃ 8 ዓመት ዕድሜ በቀረው ማዕድን አጠገብ ቢሠራ ሂሳቡ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው፤ ከተማዋ ሌላ መተዳደሪያ ካላበጀች በቀር።

ይህን ጉዳይ መርካቶ ከማንም በላይ ልትረዳው ይገባል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን አንስቶ በየተራው ተደራጅታ ያደገችው ይህች ገበያ ራሷም የመልሶ ማልማት ዕቅድ በተነሣ ቁጥር «ማን ተጠየቀ? ነባሩ ነጋዴ የት ይግባ?» ስትል ኖራለች። በአክሲዮን ተደራጅተው ሕንፃ የሠሩ ነጋዴዎች የዕቅዱ ባለቤት መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ተራው ፈርሶባቸው የተበተኑትም እንዲሁ። የሻኪሶ ሱቀኛና የደላንታ ኦፓል ቆፋሪ የሚጠይቁት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቀደም ሲል የማዕድን አካባቢ ሕዝብ ጥያቄ የመንግሥትና የኩባንያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ለገደምቢ በተዘጋበት በዚያ ግንቦት ግን ወደ ሻኪሶ ዕቃ የላከ ሁሉ የጉዳዩ ባለቤት መሆኑን አየ። «ወርቁ ሲሸጥ» ተብሎ የተጻፈ ዱቤ የሚከፈለው ወርቁ ሲሸጥ ነው። ወርቁም የሚሸጠው የመሬቱ ሰው ሲስማማ ነው።